ሳይጎድል የሚበላ አደራ

ባለፈው ክረምት አንበሳሜ ላይ ኮምፒውተሬ እስክትነሳ ድረስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣ ጀመር። አንድ ወጣት ባለሙያ ዘንድ ወሰድኳት።

«ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ ደክሟል። ዊንዶውሱን ወደ ኤስኤስዲ እናዛውረው፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይፈጥናል» አለኝ።

«ፋይሉን ኮፒ አድርገህ ብትለጥፈውስ?»

«እንደዚያ አይነሳም። ማስነሻው የተደበቀ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዲስኩን እንዳለ ክሎን ማድረግ ነው የሚሻለው።»

አመሻሽ ላይ ሁሉም በቦታው ሆኖ፣ ፍጥነቱ ብቻ ተለውጦ ተረከብኩ። ስወጣ አሮጌውን ዲስክ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ምን ያደርግልኛል? ላንተ ይሁን።»

«ጋሼ፣ ያለዎት ሁሉ እዚህም አለ እኮ!»

ደነገጥኩ። እኛ «ተዛወርን» የምንለው የድሮውን ቤት ባዶ አድርገን ስንወጣ ነው። ኮምፒውተር ግን ሲዛወር ይቀዳል እንጂ አይለቅም። ፈጣኑ ፎርማት እንኳ ዝርዝሩን ያነሳል እንጂ ዳታውን አይጠርግም። ድሮ አደራ በላ የሚታወቀው ዕቃው ሲጎድል ነበር። ዛሬ ግን ምንም ሳይጎድል አደራ ይበላል፤ ልጁ ዝም ቢል ኖሮ በምን አውቅ ነበር?

ማታ ግን የከነከነኝ ሌላ ነው። ዲስኩ ላይ ለጎረቤት የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች፣ የዘመድ የሕክምና ወረቀት፣ ሰው አምኖ የላከልኝ ደብዳቤ አለ። «ላንተ ይሁን» ብዬ የቸርኩት የራሴን አልነበረም። ልጁን ታማኝ ነው ወይ ብዬ ስጠራጠር የዋልኩት እኔ፣ የሰው አደራ ይዤ ልበትን ነበር።

ዲስኩ በሙሉ እስኪጠረግ ድረስ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል።