የፈሰሰው ውሃ የማን ነው?

ሰው ጥፋተኛ የሚሆነው ጉዳቱ ሲደርስ ነው ወይስ ጉዳቱን አውቆ ዝም ሲል? ጥያቄው የሕግ መምህራን ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን የደረስኩበት በአንድ የዓሣ ሳጥን ምክንያት ነው። ውድ አንባቢ፣ «አገር በስንት ጉዳይ ተወጥሮ ይሄ ሰውዬ ስለ ዓሣ ያወራል» ብለው ገጹን ከመግለጥዎ በፊት ጥቂት ይታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ውጭ አገር የሄደ ወዳጄ አኳሪየሙን ከነዓሣዎቹ ትቶልኝ ሄደ። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና ጠረጴዛዬ ከአንድ ኩንታል በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። በውስጡ አራት ወርቃማ ዓሣዎች ይኖራሉ። ለአራት ሳጥኑ ጠባብ መሆኑን ያወቅሁት ውዬ አድሬ ነው።

የውሃ እንስሳን በመስታወት አጥሮ መመልከት ያን ያህል የቆየ ልማድ አይደለም። ፈረንሳዊቷ ዣን ቪልፕሬ ፓወር በሲሲሊ ደሴት የባሕር እንስሳትን ለማጥናት የመስታወት ሳጥን የሠራችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1832 ነው። ለሕዝብ የታየው የመጀመሪያው የዓሣ ቤትም በለንደን መካነ አራዊት በ1853 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ በየሰዉ ሳሎን ገባ። አብሮት ግን አንድ ያልተጻፈ ውል ገብቷል፤ ዓሣው እዚያ የተገኘው በፈቃዱ ስላልሆነ፣ ያስገባው ሰው ውሃውን የመጠበቅ ዕዳ አለበት።

አንድ ቀን ጠዋት ውሃው ከለመድኩት ልክ ሁለት ጣት ያህል ጎድሎ አገኘሁት። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ይተናልና «ተኖ ነው» ብዬ በጆግ ጨመርኩ። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን የጠረጴዛውን እግር ብዳስሰው እርጥብ ነው። ያን ጊዜ አወቅሁ። መስታወቶቹን ያያያዘው ሲሊከን አርጅቶ ለቋል።

ማወቅና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ያን ሁሉ ውሃ አፍስሶ እንደገና መሙላት ቀላል አይደለም፤ በዚያ ላይ የማደርሰው ጽሑፍ ነበረብኝ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ጨርቅ ጎዘጎዝኩ፤ ጠዋት ጠዋት ከጀሪካን እየቀዳሁ የጎደለውን መሙላት ያዝኩ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ሳምንት አለፈ።

በእነዚህ ሳምንታት ከበታቼ በሚኖሩት እናት ጣሪያ ላይ የምጣድ ስፋት ያለው እድፍ ወጣ፤ ቀለሙም ይላጥ ጀመር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ልጄ፣ አንተም ቤት ውሃ ያፈሳል እንዴ?» ሲሉኝ «ኧረ የለም፣ እማማ» አልኩ። ብዙም ሳይቆይ የሕንፃው ኮሚቴ ተሰብስቦ ጥፋተኛ ፈለገ፤ አገኘም። ከጥቂት ጊዜ በፊት የሕንፃውን ቧንቧ የጠገነ ወጣት ነበር። «ሥራው ብልሹ ስለሆነ ነው» ተብሎ ቀሪ ክፍያው ተያዘበት። እኔም በስብሰባው ላይ ነበርኩ። እጄን አላወጣሁም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሲሊከኑ ማርጀቱ ጥፋቴ ነው? አይመስለኝም፤ ዕቃ ያረጃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውሃስ? እሱም ካለማወቅ የመጣ ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ የጨመርኩት እያንዳንዱ ጆግ ግን የእኔ ነው። የታችኛውን ጣሪያ ያበሰበሰው ዓሣዎቹን ያኖረው ያው እጅ ነው።

ለራሴ የማቀርበው መከራከሪያም ነበረኝ። «ሁለት ግዴታ ተጋጨብኝ፤ ውሃ ካልጨመርኩ ዓሣዎቹ ይሞታሉ፤ ከጨመርኩ ጣሪያው ይርሳል፤ ነፍስ ደግሞ ከቀለም ይበልጣል» እል ነበር። ሲሰሙት ያምራል። ጉድለቱ ሦስተኛውን መንገድ መደበቁ ነው። ዓሣዎቹን ወደ ሳፋ አዛውሮ ሳጥኑን ማድረቅና መጠገን ይቻል ነበር። የዚህ መንገድ ዋጋ የሚወጣው ከዓሣዎቹም ከጎረቤቴም አልነበረም፤ ከእኔ ነበር፤ የጥቂት ቀን ሥራና አንድ እፍረት። «ግዴታ ተጋጨብኝ» ስንል ብዙውን ጊዜ ከፋዩ ራሳችን የምንሆንበትን መንገድ ከቁጥር አውጥተን ነው።

አንድ ወዳጄ «ወንዝ ውስጥ ጨምራቸውና ተገላገል» ብሎ መክሮኝ ነበር። ይህም ከዚያው ዓይነት ነው። በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው የናይል ፐርች ብዙ የአገሬውን የዓሣ ዝርያዎች ለመጥፋት ዳርጓል። የራስን ሸክም ከዓይን ማራቅ፣ ከታች ላለው ማውረድ እንጂ መገላገል አይደለም።

በመጨረሻ ወደ መስታወት ቆራጭ ሄድኩ። «በላዩ ላይ ብትቀባ ልፋት ነው» አለኝ፤ «አዲስ ሲሊከን አሮጌው ላይ አይዝም። አሮጌውን በምላጭ እስከ መስታወቱ ፍቀህ አውጣ፤ በአልኮል ጥረገው፤ ከዚያ ቀባ።» ዓሣዎቹን ከነውሃቸው በሁለት ሳፋ አኖርኳቸው። ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ስለሚኖሩና ሲደርቅ ስለሚሞቱ እሱንም አብሬ ነከርኩ። ስፍቅ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ውሃው ሲንጠባጠብ የነበረው በቀኝ ጥግ ነው፤ ክፍተቱ የተገኘው ግን በግራ። ውሃ የመስታወቱን ጠርዝ ተከትሎ ይጓዛል፤ በሚንጠባጠብበት ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ኮሚቴውም የተሳሳተው እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ ግን ክፍተቱን የሚያውቅ ሰው መካከላቸው ተቀምጦ ነበር።

የሲሊከኑ የኮምጣጤ ሽታ እስኪጠፋ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በሁለተኛው ቀን ወደ ታች ወርጄ በር አንኳኳሁ።

«እማማ፣ ጣሪያዎን ያበላሸው የእኔ ውሃ ነው። አውቅ ነበር» አልኳቸው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ዓሣዎችህ ተረፉልህ?» አሉኝ። «አዎ፣ ተርፈዋል» ስላቸው፣ «ጎሽ። ጣሪያው ግድ የለም፣ ይቀባል። ያን ልጅ ግን ምን ልትለው ነው?» አሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ በማግሥቱ ለኮሚቴው ሁሉንም ተናገርኩ። ለወጣቱ ቀሪ ገንዘቡ ተከፈለው፤ የቀለሙን ወጪ እኔ ሸፈንኩ። በሒሳብ ዕዳው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ቧንቧ የተበላሸባቸው ጎረቤቶች ሌላ ሠራተኛ አስጠርተዋል፤ የልጁ ስም ከሕንፃው ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ወርዷል። ስልክ ደውዬ ይቅርታ ስጠይቀው «እሺ» ብሎ ዘጋው። አልፈርድበትም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሳጥኑ አሁን አያፈስም። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የየጎረቤቱን በር እያንኳኳሁ ጥፋቱ የልጁ አለመሆኑን እናገራለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ «አሁን ምን ያደርጋል?» ይለኛል። ሕንፃችን ሃያ ቤት አለው፤ እስከ ዛሬ አሥራ አንዱን አንኳኩቻለሁ።