ስለ ጉዞ ወጪ ዕዳ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲጠራ የጉዞውንና የዕቃ ማጓጓዣውን ገንዘብ ጠሪው ቢከፍልለት፣ ያ ገንዘብ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ተቀጣሪው ከውሉ ጊዜ አስቀድሞ ቢለቅስ መመለስ ይገባዋልን?

እኛ በምንኖርበት በማታር ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። ከጋምቤላ ከተማ ኢታንግን አልፎ እዚህ መድረስ ድካም አለው፤ በክረምትም ባሮ ሲሞላ ሜዳው ውኃ ይለብሳል። ስለዚህ ነርስ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ከሩቅ የሚያስመጣ ድርጅት ብዙ ያወጣል፤ መጪውም «ሁለት ዓመት አገለግላለሁ» ብሎ ይፈርማል። መለያየት ሲመጣ አንዱ «ፈርመሃልና ሁሉን ክፈል» ይላል፤ ሌላው «ሠርቼበታለሁና ምንም የለብኝም» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ሚዛን ያጎደሉ ይመስለኛል።

በኑዌር ባህል ጋብቻ ሲፈርስ ለሙሽራይቱ ወገን የተሰጠው ከብት ይመለሳል፤ ልጅ ከተወለደ ግን ሁሉም አይመለስም። ፍሬ የሰጠ ነገር እንዳልነበረ አይቆጠርምና። ለሥራም ፍርዱ እንዲሁ ሊሆን ይገባል። 12,000 ብር ወጥቶለት ለ24 ወር የፈረመ ሰው 15 ወር ቢያገለግል፣ የቀረው የ9 ወር ድርሻ 4,500 ብር ነው። ይህን ሳይከፍል የሚሸሽ ቃሉን አጥፏል፤ ከዚህ አብልጦ መጠየቅም የሰው ላብ መብላት ነው። ድርጅቱ ቃል የገባውን ቤት ወይም ደመወዝ ከልክሎ ከሆነ ግን ውሉን ያፈረሰ እርሱ ነውና ምን ፊት ኖሮት ይጠይቃል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ይፈቅዳል። ሳያስጠነቅቅ ቢሄድ እንኳ በዚህ ምክንያት የሚከፍለው ካሣ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፤ አሠሪውም የሥራ ምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። እንዲህም ሆኖ፣ ወረቀቱ በጉዞ ዕዳ ተይዞበት ሁለት ክረምት ያለ ሥራ የተቀመጠ ወጣት አውቃለሁ። ዕዳው በአንድ ዓመት ደመወዝ ተከፍሎ ባለቀ ነበር፤ ወረቀቱ ስለ ተያዘ ግን አበዳሪውም ገንዘቡን አላገኘ፣ ወጣቱም ዕድሜውን አጣ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነና በየወሩ ስንት እንደሚቀነስ አስጽፉ። ስትለቁም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ተሳስባችሁ፣ የቀረውን ከፍላችሁ፣ በቀን ተሰናብታችሁ ሂዱ።