የማይታየው ፍጡርና ምሳሌው

ከማይታዩት ፍጥረታት መካከል መንፈስ ያልሆነ፣ ግዙፍ አካልም የማይባል፣ ነገር ግን ኀይልን ተሸክሞ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያደርስ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መስክ ነው። ይህ መስክ በእውነት ያለ ነገር ነው ወይስ ለስሌት እንዲመች የታሰበ ሐሳብ የሚለው ጥያቄ፣ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማር ወጣት ልብ ቢለውም ባይለውም የሚጋፈጠው የፍልስፍና ጥያቄ ነው።

መግነጢስ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ወረቀት ተደርቦበት፣ የብረት ብናኝ ተነስንሶ ወረቀቱ በጣት መታ መታ ሲደረግ፣ ብናኙ ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው ቅስት እየሠራ ይሰለፋል። ይህን ያየ ተማሪ «በመስመርና በመስመር መካከል ምን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም፤ ዓይኑ የመሰከረለት ይህንኑ ነውና። ነገር ግን እያንዳንዷ የብረት ቅንጣት በመስኩ ውስጥ ራሷ ትንሽ መግነጢስ ስለምትሆን፣ ጫፍ ለጫፍ የገጠመቻትን ትስባለች፣ ጎን ለጎን የቆመችውንም ትገፋለች፤ ስለዚህ ክፍተቱ የብናኙ ጠባይ ያመጣው እንጂ የመስኩ መቋረጥ አይደለም። ብናኙ ተራግፎ እንደ ገና ቢነሰነስ መስመሮቹ በሌላ ስፍራ ይወድቃሉ፤ መስኩ ግን እንደ ነበረ ነው።

በመካከል ምንም የለም የሚለውን ስሕተት ግን መናቅ አይገባም፤ በመካከል ምን አለ የሚለው ጥያቄ ታላላቆችንም ያስጨነቀ ነውና። ኒውተን በ1693 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ አካል ያለ አንዳች አማካይ በባዶ ስፍራ ላይ ተሻግሮ ሌላውን ያንቀሳቅሳል ማለት አእምሮ የማይቀበለው መሆኑን ገልጦ ነበር፤ አማካዩን ፈልጎ ለማግኘት የደፈረው ግን የቀጥቃጭ ልጅ የሆነው፣ በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ሙያ የተማረውና በአንዲት ትንሽ የክርስቲያን ማኅበር ሽማግሌ የነበረው ፋራዳይ ሲሆን፣ እርሱም መስመሮቹን በእርግጥ እንዳሉ ነገሮች አድርጎ ያስባቸው ነበር። በኋላ ማክስዌል በ1865 እ.ኤ.አ. መስኩ በየነጥቡ መጠንና አቅጣጫ ያለው መሆኑን በሒሳብ ሲያሳይ፣ መስመሩ ሥዕል ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሥዕልን ከነገሩ ለመለየት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሊቃውንታችን ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ የፀሐይን ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት ምሳሌ ያደርጋሉ፤ ወዲያውም «ምሳሌ ዘየሐጽጽ» ብለው፣ ምሳሌው ከአማናዊው እንደሚያንስ ያስጠነቅቃሉ። የፊዚክስ መምህርም መስመሩን በሰሌዳ ላይ ሲስል ይህንኑ ቢያስታውቅ፣ ብዙ ተማሪ ሥዕሉን ከነገሩ ባላምታታ ነበር።

ነገር ግን «መስክ እንደማይታይ እግዚአብሔርም አይታይም» እያሉ ፊዚክስን ለሃይማኖት ምስክር የሚጠሩ ሰዎች ንግግር አያስደስተኝም። መስክ ፍጡር ነው፤ ይሰፈራል፣ ይለካል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የኢትዮጵያን መካከል አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እንድትዞር ሆና የተሰቀለች የመግነጢስ መርፌ፣ በሰሜን አውሮፓ ቢሆን አጥብቃ ወደ መሬት የምታዘቀዝቀው፣ በእንጅባራና በዳንግላ ግን ፈጽማ አግድም ለመተኛት ጥቂት ብቻ ይቀራታል። በቀንም ከዚሁ ወገብ በላይ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ታላቅ የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ለተቋቋመው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ለዚህ ወገብ መቅረቡ ትልቅ ዋጋ ነበረው። መለኮት ግን በመርፌ አይመረመርም።

መስክ በእውነት አለ ወይ ወደሚለው ጥያቄ ስንመለስ፣ «የኤሌክትሪክ ሙል ከሌለ መስክ የለም» የሚል ተማሪ ፀሐይን ይመልከት። ከፀሐይ የወጣ ብርሃን 8 ደቂቃ ያህል በባዶው ሰማይ ተጉዞ ዘንገና ሐይቅ ላይ ሲያርፍ፣ ማክስዌል እንደ ተረዳው፣ ያ ብርሃን ራሱ ከምንጩ ተለይቶ ብቻውን የሚሄድ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መስክ ነው። እንግዲህ ሊቃውንቱ ለሥላሴ ምሳሌ ያደረጉት ብርሃን፣ እርሱ ራሱ በመስመር ምሳሌ ካልሆነ በቀር በወረቀት ላይ ልንስለው የማንችለው ፍጡር ሆኖ ተገኘ።