የልብ ጉልበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ከሚመጡ ምእመናን መካከል ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ለዓመታት ጥቂት በጥቂት አጠራቅመው፣ ስእለት ተስለው፣ ጎልጎታን በዐይናቸው ለማየት ናፍቀው ይመጣሉ። በደረሱ ጊዜ ግን የጎልጎታ ደረጃ ቀጥ ያለና ጠባብ፣ የአሮጌው ከተማ መንገድም እርከን የበዛበት ድንጋይ ሆኖ ያገኙታል። በሀገር ቤት ሲመጣና ሲሄድ የኖረው የጉልበት ሕመም ያን ጊዜ ይነሣል። ከሕመሙም ይልቅ በልብ የሚያድረው ጥያቄ ይከብዳል፤ እዚህ ድረስ መጥቶ መስገድ ያቃተው ሰው «እግዚአብሔር ስግደቴን አልወደደውም ይሆን?» ይላል።

ይህ ጭንቀት በኢየሩሳሌም ብቻ የሚኖር አይደለም። በሜዲትራንያን ባሕር ዳር በምትገኘው በናታንያ ከተማ፣ በደቡብ በኩል፣ ኪርያት ኖርዳው የሚባል ሰፈር አለ። ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ ሰቦች ስለሚኖሩበት አማርኛ ይሰማበታል፤ በዚያ ዘመድ ያለው ተሳላሚም ሊያርፍበት ይችላል። ሰፈሩ በስሙ የተጠራለት ማክስ ኖርዳው ሐኪም ነበረ፤ ሕዝቡ በሥጋው እንዲበረታም አጥብቆ ያስተምር ነበር። ዛሬ በእስራኤል ከሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጅ አረጋውያን መካከል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከገጠር ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን የደረሱ አሉ። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች አልቀዋል። ያን መንገድ የሄደ ሰው ጉልበቱን ሲያመው፣ የሚያመው አጥንቱ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። የሥጋ ብርታት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥጋ ብቻውን አይታመምም፤ ብቻውንም አይድንም።

ይህን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። በግእዝ ጉልበት «ብርክ» ይባላል፤ ተንበረከከ ለማለት «በረከ»፣ አመሰገነ ለማለት «ባረከ» ይባላል፤ «በረከት»ም ከዚሁ ወገን ነው። በኪርያት ኖርዳው ጎዳና የሚነገረው ዕብራይስጥም ጉልበትን «ቤሬኽ»፣ ቡራኬን «ብራኻ» ይላል። በአማርኛ «ጉልበት» የእግር መታጠፊያም ኃይልም ነው። የፈራ ሰው ደግሞ «ብርክ ያዘኝ» ይላል፤ ፍርሃት በልብ ቢጀምርም በጉልበት ይታወቃልና።

የሕክምና ሊቃውንትም ወደዚሁ ደርሰዋል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ1979 እ.ኤ.አ. ሕመምን ሲተረጕም የሥጋም የስሜትም ነገር መሆኑን አስፍሯል። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ ጉልበታቸው የተበላሸ 180 ሕሙማን ተጠንተው ነበር። ለከፊሎቹ መገጣጠሚያቸው በእውነት ታጠበ ወይም ተጠረገ፤ ለሌሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ እውነተኛው ሕክምና ከማስመሰያው በልጦ ሕመምን አላስታገሠም። ይህ ሕመሙ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። የሕመም ብዛት ሁልጊዜ በአጥንት ጉዳት ልክ እንደማይሆን፣ ተስፋና ፍርሃትም በውስጡ ድርሻ እንዳላቸው ያሳያል።

ፍርሃት የሚሠራው እንዲህ ነው። ያመመው ሰው ሕመሙ እንዳይመለስ ፈርቶ መንቀሳቀስ ይተዋል፤ ያልተንቀሳቀሰ የጭን ሥጋ ይደክማል፤ ጉልበቱም ደጋፊ ያጣል፤ ስለዚህ ትንሽ መንገድ እንኳ ያመዋል፤ ፍርሃቱም ይጨምራል። ይህ ቀለበት የሚሰበረው በትንሽ በትንሹ ነው። ተሳላሚው ከመነሣቱ በፊት ተቀምጦ እግሩን ወደ ፊት ይዘርጋ፤ የጭኑን ሥጋ ጥቂት ጊዜ አጥብቆ ይልቀቅ። እስትንፋሱን በዝግታ ሲያወጣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበል፤ ትከሻውና ፊቱ ሲላሉ ጉልበቱም ይላላል። ደረጃ ሲወጣ ደኅናውን እግር፣ ሲወርድ ሕመምተኛውን እግር ያስቀድም። ምርኩዙን ከሕመሙ በተቃራኒ ባለው እጁ ይያዝ። ነገር ግን ጉልበቱ ያበጠ፣ የጋለ ወይም የቀላ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ወድቆ እግሩን መርገጥ የተሳነው፣ ከረጅም በረራ በኋላም አንድ ባቱ ያበጠበት ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ጸሎት ሐኪምን አይከለክልም፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ምእመናን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነገር ያውቃሉ፤ ቅዱሱ በጸሎት ቆመው አንድ እግራቸው ተቈርጣለች፤ ጥር 24 ቀንም ይታሰባል። የመጀመሪያው የኢየሩሳሌም ኤጲስ ቆጶስ፣ የጌታ ወንድም ያዕቆብም ስለ ሕዝቡ ተንበርክኮ ከመጸለዩ ብዛት ጉልበቱ እንደ ግመል ጉልበት ጠንክሮ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ከቀደሙት ተቀብሎ ጽፏል። ይህ ለቅዱሳን የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ደካማውን የሚያሳፍር መለኪያ ግን አይደለም። ያችው ቤተ ክርስቲያን ረጅሙን ሰዓታት ለሚቆሙ ልጆቿ መቋሚያን ሰጥታለች፤ በመቋሚያ የተደገፈ ካህንም ዝማሬው አልጐደለም። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡ አባቶችም በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ምእመናን ሳይንበረከኩ ቆመው እንዲጸልዩ ደንግገዋል። ስግደት ጊዜና መጠን ያለው መሥዋዕት ነው። ሕሙም የሆነ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በዐቅሙ ይስገድ፤ ባይችል አንገቱን ዝቅ ያድርግ።

ቅዱሳት መጻሕፍትም የደከመ ጉልበትን አይንቁም። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 108 ጉልበቱ በጾም መድከሙን ለአምላኩ ይነግራል፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 35 የላላ ጉልበት እንዲጸና ያዝዛል፤ ወዲያውም የፈሩትን ያጽናናል። ጉልበትንና ፍርሃትን አንድ ላይ የጠቀሰው በከንቱ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ንጉሥ ምናሴ ይታሰባል። ኃጢአቱ የበዛው ይህ ንጉሥ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። በጸሎተ ምናሴ እንደተጻፈው፣ ብረት ጐትቶ ያጐበጠው ያ ሰው ለእግዚአብሔር ያቀረበው የልቡን ጉልበት ነበር፤ የልቡን ጉልበት አንበረከከ፤ እግዚአብሔርም ሰምቶ ወደ ኢየሩሳሌም መለሰው። በጎልጎታ ደረጃ ሥር ቆማ መውጣት ያቃታት እናት፣ በኪርያት ኖርዳውም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ መውረድ የፈራ አረጋዊ ይህን መሥዋዕት ማንም አይነሣቸውም። ልቡ የተንበረከከ ሰው ፍርሃቱ ይቀልለታል፤ ፍርሃቱ የቀለለለትም ነገ አንድ ደረጃ፣ ከነገ ወዲያ ሁለት ይወጣል። ሕመሙ ቢቀር ያመሰግናል፤ ቢመለስም የተጣለ እንዳልሆነ ያውቃል።

ሽባውን በቤተ ሳይዳ ያስነሣ ጌታ፣ የተሳላሚዎችን ጉልበት ያጽና፤ መንገዳቸውንም ያቅና። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ረድኤትና በረከት ከምእመናን ሁሉ ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።