እህልና ቀለም

ቀለም የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ነገር ይሸከማል። የሥዕሉ መልክ ቀለም ነው፤ የሚጻፍበትም ጥቁር ውሃ ቀለም ነው፤ ትምህርቱም ራሱ ቀለም ይባላል። የተማረውን ሰው «ቀለም የቀመሰ» እንለዋለን። ይህ አነጋገር ለፈሊጥ ብቻ የተባለ ይመስላል እንጂ፣ ቀለሙ በእውነት ከሚቀመስ ነገር ይሠራ ነበር። የብራና ጸሐፍት ከድስትና ከምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቀው፣ እስኪከስል የተቆላ ገብስ ወይም ስንዴ ጨምረውበት፣ አልመውና በውሃ በጥብጠው ለብዙ ወራት ያቆዩት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለአፍ የተፈጠረውን እህል ለዐይን ማዋል ይገባልን? ነገሩ የቀልድ አይደለም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብን ያየ አገር፣ የወደቀውን እንጀራ አንሥቶ የሚስም ሕዝብ፣ እንቁላል ለሥዕል ሲሰበር አይቶ ቢከፋው አይፈረድበትም። ከዚህም በላይ እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም ካገኘ ወዲህ ቀለም በፋብሪካ ስለሚሠራ፣ ችግር አስገድዶን ነው ብለን ማመካኘት ያዳግተናል።

ነገር ግን ቀረብ ብለን ስንመረምረው፣ ማድ ቤት ለሠዓሊ የሚሰጠው አብዛኛው የሚጣለውን ነው። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ ወርቃማና ቡናማ ቀለም ይወጣዋል። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦና ደቅቆ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ከሚበላው የሚወሰደው ጥቂት ነው። ቁንጥር እርድ ቢጫ ቀለም ይሰጣል፤ የአመድ ውሃ ሲነካውም ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። የእንቁላል አስኳል በጥቂት ውሃ ተበጥብጦ ከደቀቀው ቀለም ጋር ሲዋሐድ፣ ሲደርቅ አጥብቆ ይይዘዋል። የእርዱ ቢጫ ፀሐይ ሲያገኘው ፈጥኖ ይደበዝዛል፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች የዘይት ቀለም ከመስፋፋቱ በፊት በአስኳል የሠሯቸው ሥዕሎች ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይተዋል።

እንግዲህ እህልን የሚያዋርደው ከአፍ መራቁ ሳይሆን ከንቱ መቅረቱ ነው። በየድግሱ ተርፎ የሚደፋውን ምግብ በዝምታ እያለፍን፣ ለሠዓሊው አንድ አስኳል ብንቆጣ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ይሁን እንጂ ጥበብም ድንበር አላት። በአጠገባችን የተራበ ሕፃን ሳለ እንቁላሉ የሕፃኑ ነው፤ ልጣጩና ቅርፊቱ ግን የሠዓሊው ነው። ከሚበላው ላይ የሚወስድም ሰው ሥራው የወሰደውን ያህል የሚክስ መሆኑን አስቀድሞ ሊመዝን ይገባዋል።

ጸሐፊው ያከሰላት እፍኝ ገብስ ብትበላ ኖሮ ለአንድ ራት እንኳ ባልበቃች ነበር። በብራና ላይ ስለ ዋለች ግን ስንቱን ትውልድ ቀለም አቀመሰች።