ላሚቱ አትናገርም

የእህቴ ልጅ፣ ብላክስበርግ ካለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለቃለ መጠይቅ መጠራትሽን እናትሽ ደውላ ነገረችኝ። ደስታዋ እንዳለ ሆኖ «እንዲያው የሰው ሐኪም ብትሆን ምን ነበረበት?» ማለቷ አልቀረም። አትቀየሚያት። ይህችው ጥያቄ ግን እዚያም ትጠብቅሻለች፤ እነሱ በትሕትና ያቀርቧታል እንጂ ነገሯ ያው የእናትሽ ነው። ስለዚህ መልሱን እናትሽ ላይ ተለማመጂው። እሷን ካሳመንሽ ሌላው ቀላል ነው።

«እንስሳ እወዳለሁ» የሚለውን መልስ እቤት ትተሽው ሂጂ። እዚያ የተጠራው ሁሉ እንስሳ ይወዳል። ደብረ ዘይት ተምሬ ዕድሜዬን በከብት መሀል የጨረስኩ ሰው ነኝና እኔ የምልሽ ሌላ ነው፤ የእንስሳ ሐኪም ውሎው ከሰው ጋር ነው። ላሚቱ አትናገርም። በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ካለው ጎድጓዳ ላይ ጭብጥሽን ተጭነሽ ትቆያለሽ። ጤነኛ ከሆነች ትልቁ ሆዷ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ እጅሽን ገፋ አድርጎ ይመለሳል። ዝም ካለ መታመሟን ታውቂያለሽ። ምን እንደበላች፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተወች የሚያውቀው ግን ባለቤቷ ነው። እሱ ደግሞ «ከትናንት ወዲህ ነው» ይልሻል፤ አራት ቀኗ ነው። ጎረቤት የሰጠውን መድኃኒት አጠጥቷት እንደሆነ አይነግርሽም፤ ትቆጣኛለች ብሎ ይፈራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በእኛ ሙያ ደባቂው ሌላ፣ ታማሚዋ ሌላ መሆኑ ነው ችግሩ። ያን ሰው ሳታሳፍሪ ማናገር ከቻልሽ ግማሹ ሕክምና አለቀ።

ይህን በትልቁ ማየት ከፈለግሽ የደስታ በሽታን ታሪክ አንብቢ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን በሬ ጨርሶ ክፉ ቀን የምንለውን ረሃብ ያመጣው እሱ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1990ዎቹ ከመጨረሻዎቹ መደበቂያዎቹ አንዱ አፋር በረሃ ነበር። መኪናና ማቀዝቀዣ የማይደርሱበት ቦታ ነው። ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘ፤ ይዘውት የገቡት ግን ከአርብቶ አደሩ መሀል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ከብቱ የት እንደሚሰማራ፣ የቱ መንጋ እንደታመመ እነሱ ያውቁ ነበር። ኢትዮጵያ በ2008 ነፃ ተባለች፤ በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። የእረኛውን ቃል ያልሰማ ሐኪም ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደረስም ነበር። ይህን እንደ ጉራ እንዳትነግሪያቸው፤ ከተጠየቅሽ ግን ከየት እንደመጣሽ አትደብቂ።

የቃለ መጠይቁን ዓይነት ከጥሪው ደብዳቤ ላይ አጣሪ። አሁን አሁን ብዙ ኮሌጆች የሚወዱት በር በር እየዞሩ የሚፈተኑትን ነው። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቆመሽ ታነቢያለሽ፤ ደወል ሲደወል ትገቢያለሽ፤ ጥቂት ደቂቃ ተናግረሽ ወደሚቀጥለው በር ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ያበላሸሽው ወደ ሌላው አይከተልሽም፣ ጠያቂውም ሌላ ነው። ስለዚህ ያለፈውን በር እያሰብሽ የሚቀጥለውን አታበላሺ። አንዳንዴ ውስጥ የሚጠብቅሽ ተዋናይ ነው፤ ውሻው የታመመበት፣ ገንዘብ የሌለው፣ «ሳይሠቃይ በመርፌ ይሙትልኝ» የሚል ሰው ሆኖ። የእኛ ልጆች እዚህ ላይ ቶሎ «በነፃ አክመዋለሁ» ይላሉ። ደግነቱ ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን ጥሩ አይደለም፤ ክሊኒኩ ያንቺ አይደለም፣ ነገም ሌላ ደሃ ይመጣል። መጀመሪያ ጠይቂው። ውሻው ምን ያህል እየተሠቃየ ነው? ሰውየው የሚያለቅሰው በገንዘቡ ነው ወይስ በውሻው? ቀለል ያለ ሕክምና አለ? በክፍያ ጊዜ ይሰጠው ይሆን? መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚባለው እዚህ ይሠራል። ደግሞም እኛ ቤት ውሻ ውጭ የሚያድር ዘበኛ መሆኑን እዚያ እርሺው፤ ለሰውየው ልጁ ነው።

ማመልከቻሽን ከመሄድሽ በፊት እንደ ባዕድ ሰው ጽሑፍ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በሐኪም ሥር የሠራሽበት ሰዓትና እንዲያው ከእንስሳ ጋር ያሳለፍሽው ሰዓት ለየብቻ የሚጻፍ መሆኑን ታውቂያለሽ። አያትሽ ዘንድ ክረምቱን ፍየል ስትጠብቂ የከረምሽው ሁለተኛው ነው፤ ወደ መጀመሪያው እንዳታሻግሪው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚያ ግን ጅቡን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው የተቀመጡት። ቀዶ ጥገና ላይ መብራት ይዘሽ ከሆነ መብራት ይዤ ነበር በይ፤ ምን እንዳየሽ ተናገሪ።

በሌላ በኩል ደግሞ ይሉኝታሽ ያሰጋኛል። እኛ አንገት መድፋትን ጨዋነት ብለን አሳደግንሽ፤ ብቻሽን የሠራሽውን እንኳ «ሠራን» ትያለሽ። እዚያ ድምፅሽ ዝቅ ካለ የማታውቂ ይመስላቸዋል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ የሠራሽውን «እኔ ሠራሁ» ብለሽ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ ንገሪያቸው። ያላወቅሽውን ደግሞ «አላውቅም፤ እንዲህ አድርጌ ግን አጣራለሁ» በይ። ይህን የሚል ሰው ይወዳሉ፤ እኔም ብሆን እወዳለሁ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ተራራው በረዶ ሊይዝ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በዋዜማው ገብተሽ እደሪ። ሱፍ ልበሺ፣ ጫማሽ ግን ተረከዝ የሌለው፣ ጣት የሚሸፍን ይሁን፤ ጉብኝቱ የፈረስና የከብት ሆስፒታሉ ውስጥ ሊያስገባሽ ይችላል።

የሚያስጎበኙሽ ተማሪዎች ናቸው። ደክሟቸው እንደሆነ ፊታቸውን እዪ። ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ሲጨንቃቸው ማን ጋ እንደሚሄዱ፣ ብድሩን እንዴት እንዳሰቡት ጠይቂያቸው፤ አራት ዓመት ነው፣ ቀልድ አይደለም። ኮሌጁ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ የጋራ ስለሆነ አንቺም የሜሪላንድ ነዋሪ ሆነሽ የምትከፍዪው የክፍለ ግዛቱን ልጆች ክፍያ ነው። ሌላ ቦታ ቢቀበሉሽ ልዩነቱ ብዙ ሺህ ዶላር ነውና ሁለቱን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለአባትሽ አሳዪው፤ እሱ ከኮሌጁ ስም ይልቅ ቁጥሩን ነው የሚያምነው።