ፈጣሪ በሁሉ ስፍራ ካለ ወደ ሐይቁ መውረድ ለምን?

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ዙሪያውን የከበበው ጠርዝ በከፍተኛ ቦታው ከ3,300 ሜትር ያልፋል። ወደ ሐይቁ የሚሄድ ሰው ከየትም ቢነሣ ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱ በገብስና በድንች ማሳ፣ በእንሰት ጓሮ በኩል ያልፋል፤ ደሴቱ ላይ ወዳለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሚሻገሩት በጀልባ ነው። ይህ ቁልቁለት አንድ የቆየ ጥያቄ ያስነሣል። በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ጎን ለጎን የኖሩት እምነቶች ሁሉ ፈጣሪ በቦታ አይወሰንም ይላሉ። ካልተወሰነ ሰው ለምስጋናና ለጸሎት ብሎ ወደ ውሃ ዳር የሚወርደው ለምንድን ነው?

በኦሮሞ ነባር እምነት በዋቄፈና፣ ዋቃ (ፈጣሪ) አንድ ነው፤ ፍጥረትን ሁሉ ያስገኘው እርሱ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ በውሃ ዳር የምስጋናው በዓል ኢሬቻ መልካ ይከበራል፤ በበጋ ደግሞ ዝናብ ለመለመን ወደ ተራራ የሚወጣበት ኢሬቻ ቱሉ አለ። ከሁሉ የታወቀው ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ የሚከበረው ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባም የራሷን ታከብራለች። በዓሉን ከውጭ የሚያየው ሰው «ውሃ ያመልካሉ» ብሎ ሲከስ፣ አክባሪዎቹ «ምስጋናው ለውሃው ሳይሆን ለፈጠረው ነው» ይላሉ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ጥያቄውን አይዘጋውም። ውሃው ምንም ካልሆነ ምስጋናውን ደጃፍ ላይ ማቅረብ ይበቃ ነበር።

ሥርዓቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይረዳል። ሽማግሌዎች ከፊት ሆነው ይመርቃሉ፤ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ይከተላል። ውሃው ዳር ሲደረስ ሣሩ ይነከራል፣ ጠብታው ራስ ላይ ይረጫል። ይሁንና ዋናው ነገር ከዚህ በፊት ያለው ነው፤ ቂም ይዞ ወደ መልካ መውረድ ነውር ስለሆነ የተጣላ ሰው አስቀድሞ መታረቅ አለበት። ቤት ውስጥ የሚደረግ ጸሎት ለነገ ሊባል ይችላል። በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ቦታ፣ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ምስጋና ግን ቀጠሮ አለው፤ ዕርቁንም ያስቸኩላል። ቦታው ፈጣሪን አያቀርብም፤ ሰውየውን ግን ያዘጋጀዋል።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ሌላ መንገድ ይይዛል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል፣ ያድራል፤ በማግስቱ ውሃው ተባርኮ ይረጫል። እዚህ ውሃው በጸሎት በረከት ማስተላለፊያ ይሆናል እንጂ ለምስጋና መነሻ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሁለቱን «አንድ ናቸው» ማለት ሁለቱንም አለማክበር ነው። የመጽሐፈ ነገሥቱ ለምጻም ንዕማን በዮርዳኖስ ታጠብ ሲባል ውሃውን ከደማስቆ ወንዞች ጋር አወዳድሮ ተቆጥቶ ነበር። ከለምጹ ሲነጻ ግን የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር ለመነ፤ ነቢዩ ኤልሳዕም አልገሠጸውም። የቦታን ክብር የሚደግፍ ሰው ይህን ታሪክ ሊጠቅስ ይችላል። በአካባቢው ብዙ ተከታይ ያላቸው ወንጌላውያን ደግሞ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷ ሴት «የት ይሰገድ?» ብላ ስትጠይቅ፣ የተሰጣት መልስ ከተራራም ከኢየሩሳሌምም ማለፉን ያስታውሳሉ። ታሪኩ ለእነርሱ ይመሰክራል፤ ሆኖም ያ መልስ የተሰጠው ሴትየዋ በየቀኑ ውሃ ልትቀዳ በምትመላለስበት ቦታ ነበር።

ቦታ ሰውን የሚያዘጋጅ ከሆነ ደግሞ ግዴታም ይጥላል። በኦሮሞ አስተሳሰብ ሰፉ የሚባለው ሥርዓት ሰው ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከመሬት፣ ከዛፍና ከውሃ ጋር ያለውን አኗኗር ጭምር ይገዛል። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ እርሻ ውስጥ የሚገባው። ገበሬው በዚያው ቁልቁለት ያርሳል፤ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ የታረሰ አፈር በክረምት ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። መሬት ስለጠበበው አርሷልና ብቻውን መውቀስ ግፍ ነው። ዘንድሮ የሚያበላው ማሳና የልጅ ልጆቹ የሚቀዱት ውሃ አንድ ቁልቁለት ላይ ተገናኝተውበታል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ ተጓዥ መጥቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል አካተታት፤ በገበታ ለአገር ፕሮጀክትም ማረፊያ ተሠራ። ጎብኚው የሚወርደው ለውበት ነው፤ ያም ከምስጋና ብዙ የራቀ አይደለም። ሆኖም የሚታረቀው ጎረቤት፣ የሚጠብቀው ዳገት እዚያ የለውም፤ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ሐይቁ የሚጥለው ግዴታ ከጎብኚው ይልቅ በዳርቻው በሚያርሰው ሰው ላይ ይከብዳል፤ ማረፊያው የሚያስገኘው ገቢ ገበሬውን ዳገቱን ከማረስ የሚያሳርፈው ከሆነ ግን ጎብኚውም ከሸክሙ ድርሻውን ወሰደ ማለት ነው።